ምዕራፍ ሰባት፦ ጎተራ ጠባቂዋ

መገናኛ፣ ሜክሲኮ ወይም ፒያሳ ታክሲ የጠበቀ ሰው አስፋልት ዳር የቤት ሚዛን አስቀምጠው የሚጠሩ ልጆችን ያውቃቸዋል። መንገደኛው ጫማውን ሳያወልቅ ይወጣል፣ ቁጥሩን ያያል፣ ጥቂት ብር ሰጥቶ ይሄዳል። ዘጠናን ካለፈ አብሮት ያለው ጓደኛ “ተመችቶሃል ማለት ነው” ብሎ ይስቅበታል። የቀረውን ታሪክ ሁላችንም እናውቀዋለን። ሰኞ ይጀመራል። እራት ይቀራል፣ ዳቦና ስኳር ይታገዳሉ፣ ለጂም ይከፈላል። በሦስተኛው ወር ሱሪ ይሰፋል፤ ዘመድም “ምነው፣ አመመህ እንዴ?” ማለት ይጀምራል። ዓመት ሁለት ዓመት ሲያልፍ ኪሎው ወደ ነበረበት ይመለሳል፤ አንዳንዴም ጥቂት ጨምሮ።

ለምን ተመለሰ? ሐኪሙን ብትጠይቁት፣ የጂሙን አሠልጣኝ ብትጠይቁት፣ ሰውየውን ራሱን ብትጠይቁት መልሱ አንድ ነው፦ ሆዱን መግዛት አቃተው። ይህ መልስ ስህተት ነው። ሰውነት ያጠራቀመውን ስብ ይጠብቃል፤ ሲጎድልበት ይታገላል፤ ትግሉም በወር በሁለት ወር አይበርድም። ይህን የሚያሳየው ማስረጃ ላለፉት ሠላሳ ዓመታት በቤተ ሙከራም በሆስፒታልም ሲከማች ቆይቷል፤ ወደ ሰፊው አንባቢ ግን እምብዛም አልወጣም።

ምዕራፍ ሦስት ላይ ኢንሱሊን ከምግብ የተረፈውን ኃይል ወደ ስብ ሕዋሳት እንዴት እንደሚያስገባ አይተናል። ምዕራፍ አምስት ላይ ደግሞ የደም ግፊት መድኃኒት ግፊቱ ሲስተካከል ለምን እንደማይቋረጥ ተነጋግረናል። ሁለቱንም አስታውሷቸው፤ እዚህ ይገናኛሉ።

እማወራዋ የምትሰማው ወሬ

አንዲት ባለሙያ የገጠር እማወራ አስቡ። ጥር ላይ እህሉ ተወቅቶ ጎተራው ይሞላል። ከዚያ ወዲያ የጎተራውን ልክ ከእሷ በቀር በደንብ የሚያውቅ የለም፤ ባልየውም ቢሆን በግምት ነው። እህሉ መጉደል ሲጀምር ሽማግሌ አትሰበስብም። የምትሰፍርበትን ታሳንሳለች። ጠላው ይቀራል፣ ማኅበሩ ቀለል ብሎ ይደገሳል፣ ለዶሮ የሚበተነው ይቀንሳል። በዚያው ሰሞን ደግሞ “ገበያ ውጡ፣ ፈልጉ፣ ተበደሩ” እያለች ቤተሰቡን መቆሚያ መቀመጫ ታሳጣለች። ወጪውን ትይዛለች፣ ገቢውን ትጎተጉታለች፤ ክረምት እንደሚመጣ ታውቃለችና።

በእኛ ውስጥ ያለችው እማወራ የምትቀመጠው በአንጎል ግርጌ፣ ሃይፖታላመስ በምትባል ትንሽ ክፍል ነው። ጎተራው የስብ ሕዋሳት ናቸው። ጎተራው ድረስ ሄዳ አትለካም፤ ወሬው ይደርሳታል። ወሬውን የሚያመጣው ሌፕቲን የሚባል ሆርሞን፣ ማለትም በደም እየተጓዘ መልእክት የሚያደርስ ንጥረ ነገር ሲሆን፣ የሚያመርቱት የስብ ሕዋሳቱ ራሳቸው ናቸው። ስብ ሲበዛ ሌፕቲን ይበዛል፣ ስብ ሲያንስ ያንሳል።

የሌፕቲን ታሪክ የሚጀምረው ከአይጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1949 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ ሜይን ግዛት፣ ጃክሰን በሚባለው ቤተ ሙከራ፣ ያለ ልክ የሚበሉና የሚወፍሩ አይጦች ተገኙ። ዳግላስ ኮልማን የተባለ ተመራማሪ የእነዚህን አይጦች የደም ዝውውር ከጤነኛ አይጥ ጋር ሲያገናኘው ወፍራሞቹ ምግብ ቀነሱ። በጤነኛው ደም ውስጥ ያለ፣ ለወፍራሙ የጎደለው አንድ መልእክት ነበር ማለት ነው። መልእክቱን የሚያዘውን ዘረ መል በ1994 ያገኘው በኒውዮርክ የሮክፌለር ዩኒቨርሲቲው ጄፍሪ ፍሪድማን ነው። ብዙዎች የውፍረት መድኃኒት ተገኘ ብለው ተስፋ አደረጉ።

ተስፋው የሠራው ለጥቂቶች ብቻ ነው፦ ሌፕቲን ማምረት ሳይችሉ ለተወለዱ። ሌላው ወፍራም ሰው ሌፕቲን አላነሰውም፤ እንዲያውም በደሙ ውስጥ ሞልቶታል። የእማወራዋ ጠባይ የሚገለጠው እዚህ ላይ ነው። ጎተራው ለዓመታት ሞልቶ ከኖረ ያ ሙላት ለእሷ ተራ ነገር ይሆናል፤ “ሞልቷል” የሚለው ወሬ ጆሮዋ አይገባም። “ጎደለ” የሚለው ግን ወዲያው ይደርሳታል፣ ያስደነግጣታልም። ስለዚህ 95 ኪሎ የኖረ ሰው 85 ሲገባ፣ ከጎረቤቱ ሁሉ ወፍራም ሆኖ ሳለ፣ አንጎሉ ረሃብ ገባ ብሎ ያውጃል።

ከጨጓራም የሚመጣ ወሬ አለ። የጃፓን ተመራማሪዎች በ1999 ያገኙት ግሬሊን የተባለው ሆርሞን ምግብ ሊደርስ ሲል ከፍ ይላል፣ ከተበላ በኋላ ይወርዳል። ሰው ዳይት ይዞ ሲቀንስ ግን ቀኑን ሙሉ ከቀድሞው ከፍ ብሎ ይውላል። አንጀት በፋንታው ምግብ ሲደርሰው የጥጋብ መልእክት ይልካል፤ ከእነዚያ አንዱን፣ ጂኤልፒ-1 የሚባለውን፣ በኋላ እንደገና እናገኘዋለን።

ሠላሳ ስድስቱ ፈቃደኞች

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊያበቃ ሲል የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲው አንሴል ኪስ 36 ጤነኛ ወጣት ወንዶችን ሰበሰበ። በእምነታቸው ምክንያት መሣሪያ አንነሣም ያሉ ነበሩ፤ በጦርነቱ የተራበውን የአውሮፓ ሕዝብ እንዴት መመገብ እንደሚገባ ለማወቅ በፈቃዳቸው ተራቡ። ለ24 ሳምንታት ምግባቸው በግማሽ ያህል ተቀነሰ። ክብደታቸው በሩብ ያህል ወረደ። ሰውነታቸው ቁጭ ብሎ የሚያወጣው ኃይል ደግሞ በ40 በመቶ ገደማ ቀነሰ፤ የልብ ምታቸው ዘገየ፣ በሞቃት ወቅት ሳይቀር በረዳቸው። እማወራዋ ወጪ ይዛ ነበር።

እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ የገቢው ጉዳይ ነው። እነዚህ ሰዎች ምግብ ከማሰብ ሌላ ሥራ አልነበራቸውም። የምግብ አሠራር መጽሐፍ እንደ ልብ ወለድ ያነብቡ ነበር። ሳህን ይልሳሉ፣ አንዲት ምግብ ለሁለት ሰዓት ያህል ያቆያሉ፣ ማስቲካ ያለ ልክ ያኝካሉ። ወደ ምርምሩ ሲገቡ ምግብ ብዙም የማያስጨንቃቸው የተማሩ ወጣቶች ነበሩ። ጥናቱ አልቆ እንደ ልብ ብሉ ሲባሉም ሆዳቸው እስኪወጠር በልተው ረሃቡ አልለቅ አላቸው። ስባቸው ከቀድሞው አልፎ ጨመረ፤ የጎደለው ጡንቻቸው ገና ሳይሞላ።

“እነሱ ቀድሞም ቀጭን ነበሩ፣ ወፍራም ሰው ላይ እንዲህ አይሆንም” የሚል አንባቢ ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ተፈትሿልም። በ2011 የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት 50 ወፍራም ሰዎችን ለ10 ሳምንታት በጣም አነስተኛ ምግብ ሰጥቶ አከሳቸው። ሌፕቲናቸው ወረደ፣ ግሬሊናቸው ወጣ፣ ረሃባቸው ጨመረ። ከአንድ ዓመት በኋላ ሲለኩ አብዛኛው ለውጥ እዚያው ነበር። በ2016 ደግሞ በወቅቱ የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ተመራማሪ የነበረው ኬቨን ሆልና ባልደረቦቹ “ዘ ቢገስት ሉዘር” በተባለው የቴሌቪዥን የክብደት ቅነሳ ውድድር የተካፈሉ 14 ሰዎችን ከስድስት ዓመት በኋላ ተከታትለው አገኙ። በውድድሩ በአማካይ 58 ኪሎ ቀንሰው ነበር፤ 41 ኪሎው ተመልሷል። ይህም ሆኖ ሰውነታቸው በዚያ ክብደት ላይ ካለ ሰው ከሚጠበቀው በቀን 500 ካሎሪ ያህል ያነሰ ያወጣ ነበር። ካሎሪ የምግብን ኃይል የምንለካበት ነው፤ 500 ካሎሪ ለብዙ ሰው አንድ ምሳ ነው። ኪሎው ከተመለሰ በኋላም እማወራዋ እጇን አልዘረጋችም።

ሆል በሌላ ሥራው ሁለቱን በቁጥር አስቀምጧቸዋል። ሰው አንድ ኪሎ በቀነሰ ቁጥር ሰውነቱ የሚያወጣው ኃይል በቀን ከ20 እስከ 30 ካሎሪ ይወርዳል፤ የምግብ ፍላጎቱ ግን በቀን 100 ካሎሪ ያህል ይጨምራል። አሥር ኪሎ የቀነሰ ሰው እንግዲህ ከቀድሞው ይልቅ በቀን 1,000 ካሎሪ ያህል እንዲበላ እየተገፋ፣ ከ200 እስከ 300 ካሎሪ ያነሰ እያወጣ ይኖራል። ይህ ሁኔታ ነገም ከነገ ወዲያም አለ፤ ሥራ ሲበዛ፣ ልጅ ሲታመም፣ ሐዘን ሲገባም አለ። ሦስት ወር የቻለ ሰው ጽኑ ነው። ሰባት ዓመት እንዲችል መጠበቅ ግን ሌላ ነገር ነው።

አዲስ አበባ ጎተራውን እንዴት ሞላችው

እማወራዋ የምትጠብቀውን ልክ በከፊል የምትወርሰው ከወላጅ ነው። በ1986 የታተመ የዴንማርክ ጥናት በጉዲፈቻ ያደጉ 540 ሰዎችን መርምሮ፣ ውፍረታቸው ካሳደጓቸው ይልቅ ወደ ወለዷቸው እንደሚያደላ አሳይቷል። ግን የአዲስ አበባ ሰው ዘር በሃያ ዓመት አልተለወጠም። የተለወጠው ከተማው ነው።

የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው በ2000 ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች ክብደታቸው ከመጠን ያለፈው 3 በመቶ ነበሩ፤ በ2016 8 በመቶ ደረሱ። ቁጥሩ የአገር አማካይ ነው። በከተማ ከአምስት ሴቶች አንዷ ያህል ናት፣ አዲስ አበባም ከፍተኛዋ ናት። በዚያው ጥናት ከአገሪቱ ሴቶች ከአምስት አንድ የሚበልጡት ደግሞ ከልክ በታች ቀጭን ናቸው። ጤና ጣቢያ ያለው ነርስ ሁለቱንም በአንድ ቀን ያያል፤ የሠለጠነው ግን በብዛት ለቀጭኗ ነው።

ዘይቱን እንይ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ያህል አለው፤ ከግማሽ ሰዓት የእግር ጉዞ ጋር ይቀራረባል። ከውጭ የሚገባው የፓልም ዘይት በሸማቾች ማኅበራት በኩል በየሰፈሩ ሲከፋፈል ኖሯል፤ ጧት ቦምቦሊኖና ፓስቲ፣ ከሰዓት ሳምቡሳ በየማዕዘኑ ይጠበሳል። ጾም ክብደት ይቀንሳል የሚል አንባቢ የጾም ሽሮውን ድስት ይመልከት፤ ቅቤ ስለሌለው ዘይቱ እጥፍ ይሆናል። 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ከ30 ግራም ያላነሰ ስኳር ይዟል፤ ፈሳሽ ደግሞ እንደ እንጀራ አያጠግብም። መንግሥት በ2020 ባወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ለስላሳ መጠጦችን ማካተቱ ትክክል ነበር እላለሁ፤ ብቻውን ግን ሩቅ አያስኬድም።

ብዙ የማይነገርለት ጉዳይ ጉዞው ነው። መሐል ከተማ ተወልዶ በእግሩ ይመላለስ የነበረ ቤተሰብ ዛሬ የካ አባዶ፣ ኮዬ ፈጬ ወይም ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ከለሊቱ 11 ሰዓት ይወጣል፣ ማታ ሁለት ሰዓት ይገባል። ቁርስ የለም፣ ምሳ ቢሮ አጠገብ ያለው ነው፣ የቀኑ ዋና ምግብ ከመኝታ በፊት የሚበላው ይሆናል። በታክሲና በአውቶቡስ ሰልፍ ቆሞ፣ ከዚያ ተቀምጦ የሚያልፈው ሰዓት ከሥራ ሰዓቱ ጋር ሲደመር ለእንቅስቃሴ የቀረ የለም። ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ ለተወሰኑ ሰዓታት መንገድ ለእግረኛ የሚለቀቅበት “መንገድ ለሰው”፣ አሁን ደግሞ በኮሪደር ልማቱ የተሠሩት ሰፋፊ የእግረኛና የብስክሌት መንገዶች ጥሩ ናቸው። ጉዞው የወሰደበትን የእንቅልፍ ሰዓት ግን ለዚያ ቤተሰብ አልመለሱለትም።

በዚህ ላይ ክብደት በእኛ ዘንድ ክብር ነው። ከውጭ የመጣ ዘመድ “ወፍረሃል፣ አምሮብሃል” ሲለን ምርቃት ነው። ምክንያቱ ረሃብ ብቻ አይደለም። ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በፊት ድንገት የከሳ ሰው ሰፈሩ ውስጥ ምን ይባል እንደነበር የሚያስታውስ ያውቀዋል፤ በኤች አይ ቪ የመጠርጠር ፍርሃት ብዙ ሰው ከሐኪም ምክር ይልቅ ወዙን እንዲጠብቅ አድርጎታል። ያ ፍርሃት ዛሬም በአንዳንድ ትልልቅ እናቶች አፍ “ኧረ አትክሺ፣ ሰው ምን ይላል?” ሆኖ ይሰማል።

ቁጥሩም ራሱ ያታልላል። ቢኤምአይ የሚባለው፣ ኪሎን በሜትር ለተለካ ቁመት ሁለት ጊዜ በማካፈል የሚገኘው ልኬት፣ ቤልጂጋዊው ኬትሌ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያሰላው ነው፤ ያሁኑን ስሙን በ1972 የሰጠው ያው አንሴል ኪስ ነው። 1 ሜትር ከ60 ቁመት ያላት፣ 80 ኪሎ የምትመዝን ሴት 31 አካባቢ ታገኛለች። 25 እና ከዚያ በላይ ከመጠን ያለፈ ክብደት፣ 30 እና ከዚያ በላይ ውፍረት ይባላል። ለእኛ ግን ከዚህ በታችም መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በዘመቻ ሙሴና በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን ወደ እስራኤል የገቡት ቤተ እስራኤላውያን ሲደርሱ የስኳር በሽታ እምብዛም አልነበረባቸውም። በአዲሱ ኑሮ ውስጥ በሽታው በፍጥነት በዛባቸው፤ ከሌላው የእስራኤል ሕዝብ ባነሰ ቢኤምአይ ላይም ያዛቸው። ስለዚህ ከሚዛኑ ይልቅ ለሜትሩ ጆሮ ስጡ፦ በእምብርት አካባቢ የሚለካው ወገብ በሴት ከ80፣ በወንድ ከ94 ሴንቲ ሜትር ሲያልፍ አደጋው መጨመር ይጀምራል። ቦርጭ ያለው ቀጭን ሰው ከወፍራሙ ጎን መቆም አለበት።

የመጀመሪያው ወር ገበያ

በአዲስ አበባ ክብደት መቀነስ የሚሸጥ ዕቃ ነው፤ የሚሸጠውም የመጀመሪያው ወር ብቻ ነው። የሰርግ ወራት ሲቃረቡ ገበያው ይደራል። በቴሌግራምና በቲክቶክ የሚዞረው የማቅጠኛ ሻይ፣ ወገብ ላይ የሚታሰረው ቀበቶ፣ “በ21 ቀን 10 ኪሎ” የሚለው የዳይት ወረቀት ሁሉ በአንድ ሐቅ ላይ ያርፋሉ፦ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ማንም ሰው ይቀንሳል። የሚቀንሰው በብዛት ውኃ ነው። ብዙ የማቅጠኛ ሻዮች ውስጥ ያለው ሰናመኪ ነው፤ አያቶቻችን ሆድ ለማጠብ የሚጠቀሙበት ቅጠል። ሰናመኪ አንጀትን ያራግፋል፣ ስብን አይነካም፤ በየቀኑ ሲጠጣ ደግሞ የሰውነትን ፖታሲየም ያሟጥጣል፣ ያ ልብን ይጎዳል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ “ተፈጥሯዊ” ተብለው በሚሸጡ የማቅጠኛ እንክብሎች ውስጥ ሲቡትራሚን የተባለውን መድኃኒት በተደጋጋሚ አግኝቷል፤ ይህ መድኃኒት በልብና በአንጎል ላይ በሚያስከትለው አደጋ በ2010 ከገበያ የተነሣ ነው።

ጂሙን ከእነዚህ ጋር መደመር አልፈልግም። ስፖርት ብቻውን ብዙ ኪሎ አይቀንስም፤ ግን ክብደት የሚያነሣ ሰው ጡንቻውን ያተርፋል፣ የቀነሰውን ለመያዝም ይረዳዋል። ችግሩ ክፍያው የሦስት ወር፣ ፖስተሩም “በፊትና በኋላ” መሆኑ ነው። ከ“በኋላ” በኋላ ያለውን ፎቶ ማንም አይለጥፍም።

ከሐኪሙ ክፍል የሚሰማው ደግሞ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ “ክብደት ቀንሺ።” ምን ያህል? በ2002 የታተመው፣ 3,234 ሰዎችን ያሳተፈው የአሜሪካ የስኳር በሽታ መከላከል ጥናት መልስ አለው። ዕቅዱ የክብደትን 7 በመቶ መቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ መንቀሳቀስ ነበር፤ ይህ ብቻ ወደ ስኳር በሽታ የሚያልፈውን ሰው ቁጥር በ58 በመቶ ቀነሰ። 90 ኪሎ ለሆነች ሴት ስድስት ኪሎ ነው። ስድስት ኪሎ ፎቶ ላይ አይታይም፤ እማወራዋም ያን ያህል አትደነግጥበትም። ብዙ ሐኪሞች ይህን ቁጥር ቢናገሩ ብዙ ሰው ተስፋ ባልቆረጠ ነበር።

እማወራዋን የሚያሳምኑት

አሁን ጂኤልፒ-1 ወደሚባለው የአንጀት መልእክት እንመለስ። ተፈጥሯዊው በደቂቃዎች ውስጥ ከደም ይጠፋል። ጆን ኢንግ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በ1990ዎቹ መጀመሪያ ጊላ ሞንስተር በተባለ መርዛም እንሽላሊት ምራቅ ውስጥ ተመሳሳይ፣ ግን ቶሎ የማይጠፋ ንጥረ ነገር አገኘ። ከዚያ የተነሣው የስኳር መድኃኒት በ2005 ተፈቀደ። ተከታዮቹ በየቀኑ፣ ኋላም በየሳምንቱ የሚወጉ ሆኑ። ኦዜምፒክ እና ዊጎቪ ተብሎ የሚሸጠው ሴማግሉታይድ ከእነዚህ አንዱ ነው።

የሚሠሩት እማወራዋ ጋ ነው። ጎተራው ጎድሎ እያለ “ሞልቷል፣ አትስጊ” የሚል ድምፅ በየሳምንቱ ያደርሷታል። የወሰዱት ሰዎች ከሁሉ በፊት የሚናገሩት ስለ ኪሎ አይደለም፤ ስለ ምግብ የሚያወራው የውስጥ ጫጫታ ዝም አለ ይላሉ። በ2021 በታተመ ጥናት ሴማግሉታይድ የወሰዱት በ68 ሳምንታት ከክብደታቸው በአማካይ 14.9 በመቶ ቀነሱ፤ ምክር እያገኙ ባዶ መርፌ የተወጉት 2.4 በመቶ። አዲሱ ቲርዜፓታይድ በከፍተኛው መጠን ወደ 21 በመቶ ደርሷል። በ2023 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ የልብ ሕመም ባለባቸው ወፍራም ሰዎች ላይ ሴማግሉታይድ ድንገተኛ የልብ ጥቃትን የመሰለ ከባድ አደጋ በ20 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል።

የምዕራፉ ዋና ነጥብ ያለው ግን በሚከተለው ውጤት ላይ ነው። መርፌውን ያቆሙት ሰዎች በአንድ ዓመት ውስጥ ከቀነሱት ሁለት ሦስተኛውን መልሰው አገኙ። ተቺዎች ይህን የመድኃኒቱ ድክመት አድርገው ይጠቅሱታል። የደም ግፊት መድኃኒት ሲቆም ግፊቱ ይመለሳል፤ ያኔ መድኃኒቱ አይሠራም ያለ የለም። ድምፁ ሲቋረጥ እማወራዋ ጎተራውን እንደገና ታያለች፣ ያ ብቻ ነው።

ጨጓራን የሚያሳንሰው ቀዶ ሕክምናም እንዲሁ የሚሠራው ቦታ በማጥበብ ብቻ እንዳልሆነ ታውቋል። ግሬሊን በብዛት የሚመነጨው ተቆርጦ በሚወጣው የጨጓራ ክፍል ነው፤ የአንጀት የጥጋብ መልእክቶችም ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ከፍ ይላሉ። ውጤቱ ከሁሉ የሚቆየው ይህ ነው። ነገር ግን ቫይታሚን ቢ12፣ ብረትና ካልሲየም ዕድሜ ልክ መከታተል ይፈልጋል። ቱርክ ወይም ህንድ ሄዶ ተሠርቶ በሳምንቱ የሚመለስ ሰው እዚህ ማን እንደሚከታተለው ሳያውቅ ባይሳፈር ጥሩ ነው።

በሻንጣ ስለሚመጣው መርፌ ጥቂት ልበል። ያልተከፈተው እስክሪብቶ መሰል መርፌ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ መቀመጥ አለበት፤ ሙቀት ያገኘው በመልኩ አይታወቅም። ማስመለስና የሆድ ድርቀት የተለመደ ነው፣ የሐሞት ጠጠርና የቆሽት ብግነትም ይከሰታል። ለነፍሰ ጡር አይሰጥም። ግሊቤንክላማይድ ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ የስኳር ሕመምተኛ ሐኪም መጠኑን ሳያስተካክልለት ከጀመረ ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል።

ይህች ከተማ የምታውቀው ሕክምና

ዋጋው ለብዙው ሰው የማይታሰብ መሆኑን አውቃለሁ። ነገሩ ግን እየተንቀሳቀሰ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በመስከረም 2025 እነዚህን መድኃኒቶች፣ የስኳር በሽታ ከልብ ወይም ከኩላሊት ሕመምና ከውፍረት ጋር ላለባቸው፣ በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷል። የሴማግሉታይድ የባለቤትነት ጥበቃ በህንድ፣ በቻይናና በብራዚል የሚያበቃው ደግሞ በ2026 ነው፤ ከምንጠቀምባቸው መድኃኒቶች ብዙዎቹ የሚመጡት ከህንድ መሆኑን አስታውሱ። ርካሹ መድኃኒት ቦሌ ሲደርስ የሚቀበለው ምን ዓይነት ሕክምና ነው? በፋርማሲ መስኮት የሚሸጥ ሌላ የመጀመሪያ ወር ከሆነ የከተማው ገንዘብ ባከነ።

አዲስ አበባ ዕድሜ ልክ የሚሰጥ ሕክምናን ታውቃለች፤ ያውም በደንብ። በ2005 የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ሲጀምር፣ ድሃ አገር ውስጥ ሰው መድኃኒቱን በሰዓቱ አይወስድም ያሉ የውጭ ባለሙያዎች ነበሩ። ጤና ጣቢያዎቹ የቀጠሮ መዝገብ ያዙ። የቀረ ሰው ስልክ ተደወለለት፣ ቤቱ ድረስ የሄዱም ነበሩ። መድኃኒቱን ራሳቸው የሚወስዱ ሰዎች አማካሪ ሆኑ፤ “እኔም እንዳንተ አቋርጬ ነበር” የሚለውን ከእነሱ በቀር ማንም ሊለው አይችልም ነበር። ለተረጋጉት ደግሞ የስድስት ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ መስጠት ተጀመረ፣ ሰልፉም ቀለለ። ያቋረጠ ሲመለስ “የት ነበርክ?” ተብሎ አልተገሠጸም፤ ወይም እንዳይገሠጽ ነርሶቹ ሠለጠኑ።

ለውፍረት የሚያስፈልገው ይኸው ነው፤ አብዛኛው መርፌ አይፈልግም። ሜትር፣ ሚዛን፣ መዝገብ፣ ስልክ፣ እና ኪሎው ሲመለስ የማያፍር ታካሚና የማይቆጣ ነርስ። በስኳርና በግፊት ክትትል ክፍሎች ውስጥ ወገብ መለካት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች በየቤቱ ይገባሉ፤ ስለ ዘይቱ ማንኪያ የሚናገር ሰው ከእነሱ የቀረበ የለም። ሆስፒታሎቻችን ግን ዛሬም ውፍረትን በምክር መልክ እንጂ በቀጠሮ መልክ አያክሙትም። በእኔ ፍርድ የከተማዋ ትልቁ ጉድለት ይህ ነው፣ ከመድኃኒት እጦትም ይብሳል።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ሐኪማችሁ “ክብደት ቀንሱ” ሲላችሁ “እሺ” ብላችሁ አትውጡ። ወገባችሁን ለክቶ ካርዱ ላይ እንዲጽፈው ጠይቁት። ከምትወስዱት መድኃኒት ውስጥ ክብደት የሚጨምር ካለ፣ አንዳንድ የስኳር፣ የአእምሮ ሕመምና የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች እንዲያ ያደርጋሉና፣ የሚተካ መኖሩን ጠይቁት፤ በራሳችሁ ግን አታቋርጡ። ስንት ኪሎ እንደሚበቃችሁ በቁጥር ይንገራችሁ። ከዚያም የሦስት ወሩን ቀጠሮ ከሰጣችሁ በኋላ፣ ከክፍሉ ከመውጣታችሁ በፊት፣ የዓመቱንና የሁለት ዓመቱን ቀጠሮ አብሮ እንዲጽፍላችሁ ጠይቁት።